አምስት ጎራሿ

ገርጂ መብራት ኃይል አካባቢ ባንኩም ሆቴሉም በሩ ላይ «የጦር መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ለጥፏል። ብዙው ሰው ሳያነበው እጁን ለፍተሻ ዘርግቶ ያልፋል። አንድ የሰፈሩ ጡረተኛ ግን አንብበው ያከብሩታል። ሐምሌም ይሁን ነሐሴ፣ ካፊያ እየመታቸው በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ፤ ከኮታቸው ሥር አጭር ሪቮልቨር አለች። የሚይዟት ደብቀው ነው፤ ይሁንና ጋሼ ለምን ወደ ውስጥ እንደማይገቡ የማያውቅ አስተናጋጅም ሊስትሮም የለም።

ስለሷ ከተጠየቁ አይሰለቻቸውም። ጥይት አትነክስም ይላሉ። አንዱ ጥይት ቢከሽፍ ምላጩን ደግሞ መሳብ ነው፤ ተሽከርካሪው ክፍል ዞሮ ሌላውን ያቀርባል። በካርታ የሚጎርሰው ማካሮቭ ግን ቢከሽፍበት ባለቤቱ ሁለት እጅ ያስፈልገዋል። ክብደቷም ከግማሽ ኪሎ ብዙም አይዘልም። ነቀፌታም አላቸው፦ ማካሮቭ ስምንት ሲጎርስ እሷ አምስት ብቻ ናት፤ ደግሞም ሆዷ ወፈር ስለሚል ሸሚዝ ታሳብጣለች።

ሳሙኤል ኮልት እ.ኤ.አ. በ1836 አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት ሲያወጣ ሪቮልቨርን ኪስ ውስጥ የሚከት አልነበረም። እያጠረና እየቀለለ የመጣው በኋላ ነው። ፈረንሳዮች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቬሎዶግ የተባለች ሚጢጢ ሪቮልቨር ሠሩ። ጠላቷ ብስክሌተኛን የሚያሯሩጥ ውሻ ነበር! መዶሻዋ ኪስ እንዳይዝ ተሸፈነ፤ ለውሻው ለሚራሩም በርበሬ የተሞላ ጥይት ተዘጋጀ። እ.ኤ.አ. በ1927 የኮልት ኩባንያ አምስት ሴንቲ ሜትር አፈሙዝ ያለውን «ዲቴክቲቭ ስፔሻል» ለሲቪል ለባሽ መርማሪዎች አወጣ። በ1950 ደግሞ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን አምስት ጎራሹን አመጣ፤ «ቺፍስ ስፔሻል» የሚለውን ስም ያገኘው በፖሊስ አዛዦች ጉባኤ ላይ ነው። የጋሼዋም የዚህ ዘር ናት።

በኛ አገር መሣሪያ የሚያዘው ሊታይ ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ቴዎድሮስ የላከችው ሽጉጥ ስጦታ መሆኑ ተቀርጾበት ነበር፤ ንጉሡም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን የሠዉት በስጦታ ሽጉጥ ነው። በገጠሩ ዛሬም ጠመንጃ ትከሻ ላይ ሆኖ ሠርግ ይሄዳል። መደበቅ የከተሜ አመል ነው።

ደብቆ መያዝ ለባለቤቱ ምን ያህል እንደሚከብድ ግን ከአንድ የሐረር ነዋሪ ታሪክ ይታያል። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር ሳይደርስ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 1873፣ ብራስልስ ውስጥ ወዳጁ ገጣሚ ፖል ቬርሌን ጠዋት ባለ 7 ሚሊ ሜትር የኪስ ሪቮልቨር ገዛ። ቀትር ላይ ሞቅ ብሎት ተመለሰና ለራምቦ አሳየው። ጥቂት ቆይቶ ሁለቴ ተኮሰ፤ አንዱ የራምቦን ግራ አንጓ መታ። ያን ዕለት ወደ ባቡር ጣቢያ ሲሄዱ ቬርሌን እጁን ወደ ኪሱ ቢሰድ፣ ኪሱ ውስጥ ያለውን የሚያውቀው ራምቦ ሮጦ ፖሊስ ጠራ። ቬርሌን ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ሪቮልቨሩ እ.ኤ.አ. በ2016 ፓሪስ ላይ ከ430 ሺህ ዩሮ በላይ ተጫረተ።

ራምቦ በበኩሉ ከመሣሪያ አልራቀም። በ1879 ዓ.ም. ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ አሮጌ ጠመንጃዎችን በግመል አስጭኖ ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ አመጣ። ንጉሡ የሞተውን ሸሪኩን ዕዳ ቀናንሰው ከፈሉትና እያጉረመረመ ወጣ።

ጋሼ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥባቸው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። አዋጁ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላልና ፈቃዳቸውን ከመታወቂያቸው ጋር በፕላስቲክ ጠቅልለው ይዞራሉ፤ ያልጠየቃቸውም ሰው አይቶታል። የቆዳ ማኅደሯን መርካቶ አሰፍተውላታል። ዓመቱን ሙሉ ብትጎርስ የሚደክም የካርታ ሞላ እንደሌላት ለጎረቤት ልጅ ሲያስረዱ ማኪያቶው ይቀዘቅዛል።

«ጋሼ፣ ተኩሰው ያውቃሉ?» ሲባሉ ግን ወሬው ወደ ማኅደሯ ስፌት ይመለሳል። የሷን ልክ ጥይት እንደ ማካሮቭ ጥይት በቀላሉ አያገኙትም። ያሉት አብረዋት የመጡት አምስቱ ናቸው።