«ዘጠና ዘጠኙ»ን እንደገና ሳነብ



አንድ የኮሚክ መጽሐፍ ሙስሊሙን ለሁለት ከፍሎ ያከራከረበት ጊዜ ነበር ቢባል ብዙዎቻችሁ አታምኑ ይሆናል። ኩዌታዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዶክተር ናይፍ አል-ሙጠወዕ እ.ኤ.አ. በ2006 «ዘጠና ዘጠኙ» የተባለ የኮሚክ ተከታታይ ማሳተም ጀመረ። ጀግኖቹ ከተለያዩ አገሮች የተሰባሰቡ ወጣቶች ናቸው። መጠሪያቸው ከአስማኡል ሑስና የተወሰደ ነው፦ ጀባር፣ ኑራ፣ ዳር፣ ሳሚ እያለ ይቀጥላል። ክርክሩም የተነሣው ከዚሁ ነው። ገንዘብ ያፈሰሰበት አንድ የባሕሬን ኢስላማዊ ባንክ የሸሪዓ ቦርዱን አስፈቅዶ ነበር የገባበት። በሌላ በኩል በ2014 በወቅቱ ታላቁ ሙፍቲ በነበሩት በሼኽ አብዱልዓዚዝ አሉ ሼኽ ይመራ የነበረው የሳዑዲ የፈትዋ ቋሚ ኮሚቴ ሥራውን አጥብቆ አወገዘው። በደራሲው ላይ በአገሩ ክስ ቀረበበት፤ የግድያ ዛቻም ደረሰው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሙስሊም ያልሆኑ ተቺዎች «በልጆች መዝናኛ በኩል ሸሪዓ ሊያስገባ ነው» በሚል ስሜት ተነሡበት። ኮሚኩ ግን ከፈትዋው በፊት፣ በ2013 መታተሙን አቁሞ ነበር።

እኛ ቤት የገባው በአክስቴ ሻንጣ ነው። ኩዌት በቤት ሠራተኝነት ስድስት ዓመት ቆይታ ስትመለስ የአሠሪዎቿ ልጅ አንብቦ የተዋቸውን ሰባት ቅጾች ይዛልን መጣች። ቦሌ ሚካኤል ያደገ ያውቀዋል፤ በእኛ ሰፈር ከውጭ የመጣ ነገር የአንድ ቤት ብቻ ሆኖ አይቀርም። ሱማልኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ የምንናገር ልጆች ተሰብስበን እንግሊዝኛውን እየዘለልን ሥዕሉን እንከተል ነበር። የቁርኣን መምህራችን አንዱን ቅጽ ገለጥ አድርገው አዩና «ይህ ስም እዚህ ምን ይሠራል?» ብለው መለሱልን። አባቴ ወደ እሳቸው አደላ፤ አክስቴ ደግሞ «ከስፓይደርማን ይሻላል» አለች። መጽሐፎቹ ካርቶን ውስጥ ገብተው ቁም ሳጥን ላይ ወጡ፤ ነገሩም ሳይቋጭ ቀረ።

ዘንድሮ አሥራ አንድ ዓመት የሞላት እህቴ ካርቶኑን አወረደችውና «ይቻላል ወይስ አይቻልም?» አለችኝ። «አንብቢ» ወይም «ተዪው» ከማለቴ በፊት ሰባቱንም ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኳቸው።

በቅድሚያ የስሙ ጉዳይ። ብይን መስጠት የዑለማእ ድርሻ ነው፤ ነፍስ ያለውን ነገር ስለመሳል ያለውም ኺላፍ እንደዚያው። ዑለማእ ለአላህ ብቻ የተለዩ ስሞችንና ለፍጡርም በልኩ ሊነገሩ የሚችሉትን ለይተው እንደሚያስተምሩ ግን ሁላችንም በደርስ ሰምተናል። «አር-ራሕማን» ለእርሱ ብቻ ነው። «ሰሚዕ» እና «በሲር» ግን በሱረቱል ኢንሳን ለሰው ልጅም ተነግረዋል፤ ስለዚህ ኃይሉ መስማት የሆነን ልጅ «ሳሚ» ማለት እኔን አያስደነግጠኝም። «ጀባር» ይለያል። ለአላህ ሲሆን ልዕልናንና የተሰበረን መጠገንን የሚያመለክት ስም ነው፤ ቁርኣን ለሰው ሲጠቀምበት ግን የትዕቢተኛ መገለጫ ነው። በሱረቱ መርየም የሕያም ዒሳም (ዐ.ሰ.) ጀባር አለመሆናቸው በውዳሴ የተነሣው ለዚህ ነው። ጉልበቱ ለሚያስፈራ ጀግና ይህን ስም መምረጥ ትልቅ ግድየለሽነት ነው፤ እዚህ ላይ የመምህራችን ጥያቄ ትክክል ነበር። ጉዳዩ የኩዌት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በየክፍላችን የስም ዝርዝር ላይ «አብዱል» የተቆረጠለት ጀባርና ሰመድ ስንት አለ?

ታሪኩስ? መነሻው ያምራል። በ656 ሂጅሪያ (እ.ኤ.አ. 1258) ሞንጎሎች ባግዳድን ሲያወድሙ የበይተል ሒክማ ጠባቂዎች የመጻሕፍቱን እውቀት በ99 ዕንቁዎች ውስጥ ያድኑታል፤ ዕንቁዎቹ ዓለም ላይ ተበትነው ከዘመናት በኋላ ወጣቶች እጅ ይገባሉ። ከዚያ ወዲያ ግን አዲስ ጀግና ማስተዋወቁ ስለሚበዛ አንዱን ሳንለምደው ሌላው ይመጣል፤ ምክሩም ከድርጊቱ ይበልጣል።

ሆኖም በዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ ውስጥ ብዙም ያልተወራለት መልካም ነገር አለው። ጀባር ፈንጂ የረገጠ ልጅ ነው፤ ኑራ ታፍና የተወሰደች ልጅ ናት፤ አሜሪካዊው ዳር ሰካራም ሾፌር ባደረሰበት አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆነው በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ነው። የዳር ኃይል በሰው ላይ ሕመም መልቀቅም፣ ሕመምን ማስቆምም ነው። አክስቴ እንግሊዝኛ አታነብም፤ ኩዌት ሳለች ግን ልጁን ስታስተኛ ሥዕሉን አብራው ታይ ነበር። ከሁሉም የምትወደው ዳርን ነው። «የተጎዳ ሰው ሁለቱንም ይችላል፤ መጉዳትም፣ ማስታገሥም» ትላለች። ስለ ኩዌት ቆይታዋ ከዚህ የበለጠ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

ለእህቴ የሰጠኋት መልስ ይህ ነው፦ አብረን እናነባለን፤ ስም ላይ በደረስን ቁጥር ቆም ብለን ትርጉሙን ከኪታብ እናያለን፤ ጀባር ላይ ደግሞ ዑለማእ ለምን እንደተቃወሙ እነግርሻለሁ። አባቴም በዚህ ተስማማ። ሁለተኛው ቅጽ ላይ ስንደርስ «ከኢትዮጵያስ ማን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ባሉን ሰባት ቅጾች ማንንም አላገኘንም።

እ.ኤ.አ. በ2018 ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲያወጣ የአዲስ አበባ ልጅም የኮሚክ ጀግና መሆን እንደሚችል አሳይቷል። ስሙን ከመምረጡ በፊት ሊቃውንትን የሚጠይቅ፣ ምክር ሳያበዛ ታሪክ መናገር የሚችል ሰው ከእኛ ጀመዓ አይጠፋም። እህቴ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ብዙ ዓመት የምትጠብቅ አይመስለኝም።

ወላሁ አዕለም።