ባለቤቱ ማን ነው?

ሕፃን ልጅ ገና አፉን ሲፈታ «የኔ!» ማለት ይወዳል። ኳሱም የኔ፣ እናቱም የኔ፣ ዳቦውም የኔ። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን ይህችን «የኔ» በሌላ ሰው ቋንቋ ለመናገር ሲሞከር ነው ጉዱ የሚታየው። እኛ ዕጩ መምህራን ደግሞ ነገ ሥራችን ይኸው ነውና እስቲ ጠጋ ብለን እንየው።

በባሌ ደጋ የምናስተምራቸው ልጆች ብዙዎቹ በቤታቸው አፋን ኦሮሞ የሚናገሩ ናቸው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ካስቻለ ወዲህ፣ ለእነዚህ ልጆች አማርኛ የሚመጣው እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ነው። በሮቤና በጎባ ከተሞች ልጁ ሁለቱንም ቋንቋ በሰፈሩ ይሰማል። ወደ ዲንሾና ወደ ሳነቴ ዳርቻ ስንወጣ ግን አማርኛን በአብዛኛው የሚሰማው ከመምህሩ አፍ ነው።

እንግዲህ ይህ ልጅ ተነሥቶ «እህት አለኝ» አለ እንበል። ሰዋስው የሚለው «እህት አለችኝ» ነው። ቀይ እስክሪብቶ ከማውጣታችን በፊት ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፤ የዚህ ዓረፍተ ነገር ባለቤት ማን ነው?

በአማርኛ ባለቤቷ እህት ናት። ግሡ የሚታዘዘው ለእሷ ነው፤ ወንድም አለኝ፣ እህት አለችኝ፣ ሁለት ወንድሞች አሉኝ። እህት ያለኝ እኔ ግን ከግሡ መጨረሻ «ኝ» ሆኜ ተለጥፌ ቀርቻለሁ። ባለንብረቱ ሌላ፣ የሰዋስው ባለቤት ሌላ! በአፋን ኦሮሞ ግን ባለንብረቱ ራሱ የዓረፍተ ነገሩም ባለቤት ነው። «አኒ ኦቦሌሰ ቀበ» ወንድም አለኝ፤ «አኒ ኦቦሌቲ ቀበ» እህት አለችኝ። ወንድምም ይሁን እህት «ቀበ» አይለወጥም። የሚለወጠው ባለንብረቱ ሲለወጥ ነው፤ «ፈርደ ቀብነ» ፈረስ አለን። «ቀበ» መያዝ ማለትም ነውና፣ የያዘው ሰው ግሡን ቢገዛ ምን ይገርማል?

ስለዚህ ያ ልጅ ሕግ አልጣሰም፤ የቤቱን ሕግ ይዞ መጣ እንጂ። እንዲያውም አፉን በአማርኛ የፈታ ሰው እንኳ በንግግር «ሁለት ልጆች አለኝ» ሲል ይሰማል።

የቃላት ቅደም ተከተልም እንዲሁ ነው። አማርኛ «የፈረስ ጭራ» ሲል ፈረሱን ያስቀድማል፤ አፋን ኦሮሞ «ኤጌ ፈርዳ» ብሎ ጭራውን ያስቀድማል፤ «ፈርደ» የሚለውንም መጨረሻውን አስረዝሞ «ፈርዳ» ያደርገዋል። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ግን አይደለም። ከግዕዝ የወረስነው «ቤተ መጻሕፍት» የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። በአፋን ኦሮሞ «መነ ኪታባ» ነው፤ ቤቱ ይቀድማል፣ መጽሐፉ ይከተላል። በሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ቢጻፉ ልጁም መምህሩም ይረዱታል።

ነገሩ የሁለቱ ቋንቋዎች ብቻ አይደለም። እንደ ባሌ ደጋ ሁሉ የፈረስ አገር በሆነችው በካዛክስታን ሰው ቤት አለኝ ለማለት «መኒንግ ኡዪም ባር» ይላል፤ ቃል በቃል «የእኔ ቤቴ አለ» እንደ ማለት ነው። እኛ አንዱ ይበቃል የምንለውን «የእኔ»ንና «ቴ»ን እሱ ሁለቱንም ይጠቀማል፤ በአገሩም ትክክል ነው። «አለ» በማለቱ ደግሞ ከአማርኛ ጋር ይገጥማል። እንግዲህ ሀብቱን ሁሉም ያውቃል፤ አነጋገሩ ነው የሚለያየው።

ባልደረቦቻችን ሆይ! ይህን የምንጽፈው «አለችኝ» አይታረም ለማለት አይደለም። ይታረም እንጂ! ልጁ ነገ በአማርኛ ማመልከቻ ይጽፋል፣ ፈተናም ይፈተናል። ጥያቄው እንዴት ይታረም ነው። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን የተሳቀበት ልጅ በሦስተኛው ቀን እጁን አያወጣም። «በቤትህ ቋንቋ ግሡን የሚገዛው ያለው ሰው ነው፤ በአማርኛ ግን ያለው ነገር ነው» የተባለ ልጅ ግን ሁለት ሕግ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ለዚህም ከሁሉ በፊት መምህሩ ራሱ ሁለቱንም ማወቅ አለበት። አማርኛ ተናጋሪው ዕጩ መምህር «ቀበ፣ ቀብደ፣ ቀብነ» ማለትን ይልመድ፤ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪውም «አለው፣ አላት፣ አሏቸው»ን ያጥና። መኝታ ቤታችን አንድ፣ ምግብ አዳራሻችን አንድ ነው። አስተማሪ ፍለጋ ሩቅ መሄድ ምን ያስፈልጋል?