ደም ሲበዛ ያስፈራል እንዴ?

እኔ የምለው፣ ሆረር ፊልም ክፍል አሥር ላይ ሲደርስ ምን የሚያስፈራ ነገር ይቀረዋል? «ሶው» በ2004 ሲጀመር (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) ነገሩ ቀላል ነበር፤ አንድ የቆሸሸ መታጠቢያ ቤት፣ እግራቸው በሰንሰለት የታሰረ ሁለት ሰዎች፣ መጋዝ። ከዚያ እስከ 2010 ድረስ በየዓመቱ አንድ ክፍል ወጣ። ቀመሩ ግን ያው ነው፦ ሰውዬው ወጥመድ ውስጥ ይነቃል፣ ቴፕ ያዳምጣል፣ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ከገላው የሆነ ነገር ካልቆረጠ ይሞታል። የሚጨምረው ደሙ ብቻ ነበር። አራተኛው ላይ ስደርስ ቆሎ እየቆረጠምኩ ነበር የማየው፤ ለሆረር ፊልም ከዚህ በላይ ስድብ የለም።

«ሶው ኤክስ» (2023) ግን ያዘኝ። ዳይሬክተሩ ኬቨን ግሮይተርት የመጀመሪያዎቹን አምስት ክፍሎች ኤዲት ያደረገ ሰው ነው፤ ቀመሩን ከውስጥ ያውቀዋል። ያደረገው ነገር ደሙን ማዘግየት ነው። ወጥመድ ሠሪው ጆን ክሬመር ሦስተኛው ክፍል ላይ ስለሞተ፣ ታሪኩ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ገባ (ቶቢን ቤል በሰማንያ ዓመቱ ከሃያ ዓመት በፊት የነበረውን ራሱን ሲጫወት አይተን እንዳላየን አልፈናል)። ጆን የአንጎል ካንሰር አለበት። ሜክሲኮ ውስጥ ድብቅ ሕክምና አለ ይሉታል። ይከፍላል፣ «ቀዶ ሕክምና» ይደረግለታል፣ ድነሃል ይባላል። ለማመስገን ተኪላ ይዞ ሲመለስ ቦታው ባዶ ነው። ፋሻውን ከራሱ ላይ ሲፈታው ምንም ቁስል የለም።

እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነው፤ ጠብታ ደም የሌለበት ትዕይንት። ለታመመ ጎረቤት «ውጭ ሄዶ ይታከም» ተብሎ መዋጮ ያዋጣ ሰው ያቺን ፋሻ ሲያይ ሆዱ ይባባል። ያን ጊዜ እኮ ሐኪሙ ማነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ስንት ይፈልጋል ነው የሚባለው።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አጭበርባሪዎቹ በየተራ ወጥመድ ውስጥ ሲገቡ ለጆን ማጨብጨብ ጀመርኩ። ሰውዬው ነፍሰ ገዳይ እኮ ነው! ፊልሙም አላፈረብኝ፤ እንዲያውም አይዞሽ የሚለኝ ይመስላል። ማቴዮ የተባለው አባሪያቸው የራሱን ራስ ቅል እንዲከፍት ሲገደድ ደግሞ የድሮው ቀመር ተመለሰ። ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ደሙ ይፈሳል፣ እኔም ፍርሃቴ ለቀቀኝ።

አብሮኝ ያየው ጓደኛዬ ግን በዚህ አንስማማም። ገና ከመጀመሪያው «ይሄ ሁሉ ሆስፒታል ምን ያደርጋል፣ ወደ ወጥመዱ እለፊው» እያለ ነበር። ሪሞቱን አልሰጠሁትም።