በቂርቆስ ውሃ ዳር፦ መናፈሻውና መታሰቢያው

አዲስ አበባ ውሃ ተከትላ የተቆረቆረች ከተማ ናት። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. የእንጦጦን ብርድ ትተው የወረዱት ወደ ፍልውሃ ነበር። ፍልውሃ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ካለው ካዛንቺስ ብዙም አይርቅም፤ በአጠገቡ የሚያልፈው የባንተ ይቀጡ ወንዝም በመስቀል አደባባይ በኩል ወደ ኡራኤል ይወርዳል። ከተማዋ ስትሰፋ ግን ወንዞቿ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽና የጥራጊ መውረጃ ሆኑ፤ መንገደኛም ድልድዩን አፍንጫውን ይዞ የሚሻገር ሆነ።

ይህን ለመለወጥ የታሰበው የወንዝ ዳርቻ ልማት የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። ዕቅዱ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ሲሆን፣ ለገንዘብ ማሰባሰቢያው በተዘጋጀው «ገበታ ለሸገር» እራት አንዱ መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር ተከፍሎበታል። በቻይና መንግሥት ድጋፍ ከሸራተን ሆቴል አጠገብ የተሠራው ወዳጅነት ፓርክም ጳጉሜን 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ተመረቀ። ሰው ሠራሽ ሐይቅና ፏፏቴዎች አሉት። ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው፣ ተመራቂዎች ከነጋዋናቸው ፎቶ ለመነሳት ይመጣሉ፤ ልጆች ሣሩ ላይ ሲሯሯጡ ወላጆች አረፍ ይላሉ። መግቢያው በክፍያ መሆኑ ግን ኪሱ የሳሳውን ቤተሰብ ያስቀራል። ይህ ሊታሰብበት ይገባል።

መታሰቢያው ያለው ሌላ ቦታ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም መስቀል አደባባይ ዳር ይገኛል። ደጁ ላይ ሐዘንተኛ ሴቶች በሐውልት ቆመዋል፤ ውስጡ ግድግዳ ሙሉ የወጣቶች ፎቶግራፍ፣ ከጅምላ መቃብር የወጣ አፅምና ልብስ አለ። እዚያ የሚገባ ሰው አስቦበት ይሄዳል፤ ለመዝናናት የወጣው ሕዝብ አደባባዩ ላይ ይቀራል።

መዝናኛና መታሰቢያ አብረው መኖር እንደሚችሉ ግን ባሕር ዳር ታሳያለች። በደርግ ዘመን ትግል ለወደቁት የቆመው የሰማዕታት ሐውልት አባይ ዳር ነው፤ ሙሽሮችም ቤተሰቦችም ወደዚያው ይወጣሉ። በሙታን መታሰቢያ ፊት መደሰት ድፍረት የሚመስለው ይኖራል። ተዝካር አውጥቶ፣ ጠላ ጠምቆ፣ ጎረቤት ጠርቶ ሙታኑን ለሚያስብ ሕዝብ ግን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ለቂርቆስ ከሁሉም የሚቀርበው ግን የካዛንቺስ ጉዳይ ነው። በ2017 ዓ.ም. የከተማዋ የኮሪደር ልማት ሰፈሩን ሲነካ ብዙ ነዋሪ ወደ ገላን ጉራ ተዛወረ። ቦታው አሁን ሰፊ የእግር መንገድና አረንጓዴ መናፈሻ አለው፤ ይህ በጎ ሥራ ነው። ሆኖም የዕድሩ ድንኳን የሚተከልበትን ሜዳ፣ የቡና ጠጡን ግቢ፣ የምግብ ቤቶቹን ተርታ የሚያስታውስ ምልክትም ያስፈልገዋል። ሥራው ከባድ አይደለም፦ በየመቀመጫው ድንጋይ ላይ የቀድሞውን መንደር ስም መቅረጽ፣ የሰፈሩን አሮጌ ፎቶግራፎች በመንገዱ ዳር ማቆም። ስሙንና ቦታውን ለይተው የሚነግሩት የቀድሞዎቹ ነዋሪዎች በሕይወት ስላሉ፣ ሥራው ዛሬውኑ ቢጀመር ይመረጣል።