ማጭድ ባሕር ሲሻገር

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ አርሲ ደጋ የሚወጣ መንገደኛ ዴራንና ኢተያን አልፎ 75 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ አሰላ ይደርሳል። ከአሰላ በስተ ምሥራቅ ያለችው ዲክሲስ የስንዴና የገብስ አገር ናት። በመኸር ወራት ለጥ ባለው ሜዳ ላይ ኮምባይነር እያጓራ ይውላል፤ ተዳፋቱና ጠባቡ ማሳ ግን ዛሬም የማጭድ ድርሻ ነው። የአገሩ ሰው በኦሮምኛ ሃምቱ ይለዋል። አጫጆቹ ማታ ሲመለሱ ስለቱን በገለባ ወይም በጨርቅ ጠምጥመው አይቻለሁ፤ ይኸውም በቀጭኑ መንገድ ከኋላ የሚመጣውን ሰው እንዳይቆርጠው ነው።

በዚህ አገር ሳስተምር አንድ አባት፥ ባሕር ማዶ ለምትኖር ልጃቸው በልጅነቷ ያጨደችበትን ማጭድ ለመታሰቢያ ሊልኩላት አስበው፥ አውሮፕላን ይህን ብረት ይቀበል እንደ ሆነ ጠየቁኝ። ይቀበላል፤ ነገር ግን በእጅ ሳይሆን በጭነት ነው። በእጅ ሻንጣ ከተገኘ ፍተሻው ላይ ይቀራል፤ እንዲህ ያለው ዕቃ ደግሞ በገንዘብ አይተካም።

ጥብቅነቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ሦስት ሰዎች ሲጠልፉት፥ ከያዙት አንዱ ለእሳት አደጋ ተብሎ እዚያው የተቀመጠ መጥረቢያ ነበር። አውሮፕላኑ ነዳጅ ጨርሶ በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ፤ ከ175 ሰዎች 125ቱ አለቁ። መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም.፥ እኛ ዐዲስ ዓመት ስናከብር፥ በአሜሪካ አራት አውሮፕላኖች የተጠለፉት በቢላዋና በመሳሰለው ስለት ነው። በዚያ ጊዜ የአሜሪካ ደንብ ከ4 ኢንች ያነሰ ስለት በእጅ ይዞ መግባትን ይፈቅድ ነበር፤ ዛሬ ግን ትንሹም ሰንጢ አይገባም።

እንግዲህ ለትምህርትም ሆነ ለሥራ የምትበር ወንድሜ፥ የምትበሪ እኅቴ፥ ከሁሉ አስቀድሞ የእጅ ሻንጣው ይራገፍ። ተማሪ እርሳስ የሚቀርጽበት ምላጭ እንኳ እዚያ ውስጥ መገኘት የለበትም። ማጭዱ ወይም ቢላዋው በደንብ ታጥቦ ይድረቅ፤ አፈርና ገለባ ወደ አገራቸው እንዳይገባ የሚከለክሉ መንግሥታት አሉና። ስለዚህ የዲክሲስ ገለባ እዚሁ ይቅርና በፈንታው ስለቱ ወፍራም ካርቶን ይልበስ። ጫፉ በተለይ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይታጠፍበት፤ በላዩ ጨርቅ ይጠምጠምና በፕላስተር ይታሰር። ከዚያም ከሻንጣው ግድግዳ ርቆ በልብሶች መካከል ይቀመጥ። የሚሄዱበት አገር ደንብ የተለየ ሊሆን ስለሚችል፥ ከጉዞው በፊት አየር መንገዱን መጠየቅ ይገባል።

ይህን ሁሉ የምናደርገው ፈታሹን ፈርተን ብቻ አይደለም። ሻንጣችንን የሚያነሣውን ተሸካሚና ከፍቶ እጁን የሚሰድበትን ሠራተኛ አናውቃቸውም፤ እነርሱም በውስጡ ያለውን አያውቁም። የዲክሲስ አጫጅ ግን ከኋላው ለሚመጣው ሰው ማሰብን ከአውሮፕላን ደንብ አልተማረውም።