ከቀዩ ኮረብታ ሥር

ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀውን ቢሾፍቱን ብዙዎቻችን የምናውቃት በሐይቆቿ ነው። ባለፈው ቅዳሜ እኔን ያቆመኝ ግን ገልባጭ መኪኖች የሚጫኑበት የቀይ አሽ ኮረብታ ነው። ሐይቆቹንም ኮረብቶቹንም የወለደው ያው እሳተ ገሞራ ነው።

እንዲህ ያለ ጠጠር ሲከመር 35 ዲግሪ ያህል ተዳፍቶ ይቆማል፤ ከዚያ ከበለጠ ይንሸራተታል። እዚህ ግን ከሥር ስለሚቦረቦር እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሏል። የያዘው ጥቂት እርጥበትና የጠጠሩ መነካከስ ብቻ ነው፤ ሲናድ አይናገርም። ወደ ሥሩ ሊሮጥ የነበረውን ልጄን እጁን ያዝኩት።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ሁለት የሃይላንድ ጠርሙሶችን በአሸዋ አጋመስን፤ አንዱን ውሃ ሞላነው። መታ መታ አድርገን አሸዋውን ካስተኛን በኋላ ቀስ ብለን አጋደምናቸው። ደረቁ ሹልክ ብሎ ወረደ። የውሃው ዘገየ፤ ተጠጋግቶ የተኛ አሸዋ ለመንሸራተት መላቀቅ አለበት፣ በክፍተቱ ውሃ እስኪገባ ድረስ ደግሞ ተይዞ ይቆያል። የሚገርመው፣ በመጨረሻ ሁለቱም የረጉት በተቀራራቢ ተዳፋት ነው።

«ሰዎቹ ለምን ከላይ አይቆፍሩም?» አለኝ ልጄ። ይህንኑ ጠዋት አንዱን ጫኝ ጠይቄው ነበር። ከላይ ጀምሮ በደረጃ መቁረጥ ማሽን ይፈልጋል፤ እሱ ያለው አካፋ ነው፣ የሚከፈለውም በመኪና።