ወንድሜን ረዳሁ ብዬ

ስለ ኩረጃ በተነሣ ቍጥር ጣታችንን የምንቀስረው በኮራጁ ላይ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምናዘዘው በአስኮራጅነቴ ነው።

ከአንድ የጎረቤት ልጅ ጋር ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በአንድ ዴስክ ተቀምጠን ተማርን። ፈተና በመጣ ጊዜ ወረቀቴን ወደ እርሱ ገፋ አደርግለታለሁ፤ እርሱም ይገለብጣል። ይህን እንደ ነውር አልቈጠርሁትም። መልሱን በክንዱ የሚሸፍን ተማሪ በክፍላችን «ንፉግ» እየተባለ ይታማ ነበርና። እናቱም «አንተ እኮ ለልጄ ወንድሙ ነህ» እያሉ የቡናውን ቍርስ ለእኔ ያስቀድሙልኝ ነበር።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ግን ብሔራዊው ፈተና በየትምህርት ቤቱ መሰጠቱ ቀርቶ በየዩኒቨርስቲው ግቢ እንዲሆን ተደረገ። ስልክ ተከለከለ። እርሱ በአንድ አዳራሽ፣ እኔ በሌላ ተመደብን። ውጤቱ ሲነገር በመላ አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ሆነ። እኔ አለፍሁ፤ ወዳጄ ወደቀ።

እርግጥ ነው፤ የወደቀው ሁሉ ኮራጅ ነበር ማለት አይቻልም። መጽሐፍና መምህር የጐደለበት ትምህርት ቤት ብዙ ነው። ወዳጄ ግን መጽሐፍም መምህርም ነበረው። ነገር ግን አራት ዓመት ሙሉ፣ ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ መልሱን እሰጠው ነበር። ስለዚህ ከራሱ ጋር ታግሎ የሚማርበትን ጊዜ የቀማሁት እኔ ነኝ።

ባለፈው ክረምት ወደ ቤተሰቦቼ በሄድሁ ጊዜ፣ ፈተናውን በግል ሊወስድ የ9ኛ ክፍል ሒሳብ ከፍቶ አገኘሁት። አንድ ጥያቄ አሳየኝ። እጄም እንደ ልማዱ እስክሪብቶውን ሊቀበለው ተዘረጋ።

«ተው፣ አትሥራልኝ፤ እንዴት እንደሚሠራ ብቻ ንገረኝ» አለኝ።

አፈርሁ። እስኪመሽ ድረስ የሠራነው ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው፤ ሦስተኛውን ግን ብቻውን ሠራው። እናቱ ቡናውን ሲያቀርቡ እንደ ድሮው አመሰገኑኝ፤ እኔም ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልሁም።

በዚህ በግቢያችንስ ለጓደኛው ጽሑፍ አዘጋጅቶ የሚሰጥ፣ ባልሠራው የቡድን ሥራ ላይ ስሙን የሚያስገባለት ስንቱ ነው? ሁሉም «ወንድሜ ነው» ይላል። እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ጓደኛችሁ በፈተናው ሰዓት ወረቀታችሁን ሳይለምናችሁ በፊት፣ በዋዜማው ማታ አብራችሁት ተቀመጡ። ንፉግ ቢላችሁም ቻሉት።